ሁለት ለጠፍን፣ አንድ ወጣ

ስልኬ የጮኸው ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ከዐሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ነው። ደቂቃዋን የማስታውሳት ወንድሜ መስሎኝ እየተቆጣሁ ስላነሣሁት ነው፤ ማታ ደጋግሜ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነበር። የሰማሁት ግን የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው። የእሱ እህት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት።

«አብሬው የምሠራ ነኝ፤ ማሽኑ ላይ» አለች። «እባክሽ ሰው ይዘሽ ነይ።»

ክፉ ነገር ሲገጥመኝ ይዤው የምሄደው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ብቻዬን ሄድኩ።

ወንድሜ የተገኘው ከሚሠራበት የአንጎል ጥናት ማዕከል ሕንፃ ጀርባ ባለው የብረት ደረጃ ላይ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው የሚወርድ፣ ለእሳት አደጋ ተብሎ የተሠራ ደረጃ ነው። መሐል ላይ ሲታጠፍ እንደ ጠባብ በረንዳ ያለ መቆሚያ አለው፤ እዚያ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ከደረጃው ውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው አያየውም። የደወለችልኝ ባለማሽኗ ለሥራ ደረጃውን ስትወጣ አግኝታው ነጭ ጋውኗን አልብሳዋለች። ከጋውኑ ውጭ የታየኝ ጫማው ብቻ ነው። ሶሉን ባለፈው ወር እኔ ነኝ አሠርቼ የላክሁለት።

በመጀመሪያ የመጣው ፖሊስ ብዙ አልደከመም። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ ምሳውን ብቻውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ጠረጴዛውን ጠርጎ ነው የሄደው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ በገዛ የይለፍ ቃሉ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ዓመቱን ሙሉ የተነሣቸውን የራሱን ጭንቅላት ሥዕሎች አንድ ሳይቀር አጥፍቷቸዋል። ፖሊሱ ቅጹ ላይ «ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ቆሜ አየሁት።

እኔም አመንኩት። የማምንበት ምክንያት ነበረኝ። ማክሰኞ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ላይ ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛዬ የሙሽራ ቀሚሷን ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች፣ እኔ ከሥሯ ተንበርክኬ ጠርዙን እይዛለሁ፣ አፌ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ስፒል አለ። ስልኩ ላይ ስሙን አየሁት። ይቺን ጠርዝ ልጨርስና እደውልለታለሁ አልኩ። ጠርዙን ጨረስኩ፣ ደንበኛዬን ሸኘሁ፣ ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ይህን ለማንም ሳልናገር እዚያ ደረጃ ሥር ቆሜ ሳለ መርማሪዋ መጡ። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው፣ አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል መሰለኝ፤ ከሬሳው አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ጋውኑን ገለጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ቅጹን ከፖሊሱ እጅ ተቀበሉ።

«ራሱን የሚወረውር ሰው ከአጥሩ ማዶ ነው የሚገኘው» አሉ ረጋ ብለው። «ይሄ ተንከባሎ ነው የመጣው። የተደናቀፈ ሰው፣ የተገፋም ቢሆን፣ እጁን ያስቀድማል። መዳፉን እየው።»

መዳፉ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ጭረት የለውም። መርማሪዋ በእስክሪብቷቸው ጫፍ ከንፈሩን ገለጥ አደረጉ። ምላሱ በጎን በኩል ክፉኛ ተነክሷል።

«ከመውደቁ በፊት ራሱን ስቷል፤ ጥሎታል። ለምን እንደጣለው ሐኪሞች ይነግሩናል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እህቱ ነሽ? ወንድምሽ እንዲህ ያደርገው ነበር?»

አያደርገውም ነበር። ራሱን ግን ያመው ነበር፤ ሁለት ወር ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬው ነበር። የመለሰልኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው። «እታለም፣ አትጨነቂ። የእኔን ራስ ሰኞ ሰኞ ፎቶ ያነሡታል። በዐይኔ ነው የማየው፤ ንጹሕ ነው።»

መርማሪዋ ይህን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ስለ ስልኩ ጥሪ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም በዚያ ሰዓት አልጠየቁኝም።

ስለ ወንድሜ ሥራ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከሞተ በኋላ ነው፤ ከመርማሪዋ፣ ከባለማሽኗ፣ ቀሪውን እየጠየቅሁ ብቻዬን። የኤም አር አይ ማሽን የሰውን ራስ ከነቆዳው፣ ከነአጥንቱ፣ ከነዐይኑ ያነሣል። አጥኚዎቹ የሚፈልጉት ግን አንጎሉን ብቻ ነው፤ ስንት እንደሚመዝን፣ የቱ ጋ እንደሳሳ። ስለዚህ ሥዕሉ ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት ይሰናዳል። በመጀመሪያ ያቃኑታል፤ ሰው ሲተኛ ራሱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ማለቱ አይቀርም፣ ሁሉም ራስ አንድ ዐይነት አተኛኘት እንዲኖረው ይደረጋል። ቀጥሎ ይልጡታል፤ ፕሮግራሙ ቆዳውንና አጥንቱን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ገፎ ፍሬውን ያስቀራል። ፕሮግራሙ ሲሳሳት፣ አጥንት ሲያስቀር ወይም ከአንጎሉ ሲገምጥ፣ ቁጭ ብሎ የሚያርመው ወንድሜ ነበር። በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ራስ። የአንዱንም ባለቤት አያውቅም።

ሌላም ነገር ነበረው። ማሽኑም ፕሮግራሙም እንዳልተዛነፉ ለማወቅ አንድን ጤነኛ ሰው በየሳምንቱ አንሥቶ ቁጥሩ አንድ ዐይነት መምጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት መጥቶ የሚተኛላቸው ሰው ሲፈልጉ ሌሎቹ ቤተሰብ አለብን፣ ልጅ እናደርሳለን አሉ። ወንድሜ እጁን አወጣ። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀረና «የሰኞው ራስ» ተባለ።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት አራት ናቸው፤ ወንድሜን ጨምሮ። መርማሪዋ ሦስቱን ያን ቀን በየተራ ሻይ በሚፈላባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አነጋገሯቸው። እኔ አልነበርኩም፤ በኋላ ከማስታወሻቸው እያነበቡ እንደነገሩኝ ነው የምጽፈው።

ባለማሽኗ ቀድማ ገባች። ዐይኗ አብጧል። ሰኞ ሰኞ በሩ ላይ ስታገኘው «ዛሬም ራስህን ይዘህ መጣህ?» ትለው እንደነበር፣ እሱም «ቤት የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁ» እያለ ይመልስላት እንደነበር ነገረቻቸው። ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ ነው፤ ሁለቱም ሳይሰለቹት።

«ከመተኛቱ በፊት ምን ታደርጊለታለሽ?»

«ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ የዓሣ ዘይት እንክብል በፕላስተር እለጥፋለሁ። ዘይቱ ሥዕሉ ላይ እንደ አምፖል ያበራል። ሥዕል ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲሄድ ቀኝና ግራው የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። እንክብሉ ካለ አንስትም።»

«ባለፈው ሰኞም ለጠፍሽለት?»

«ባለፈው ሰኞ ሁለት ለጥፊልኝ አለ። አንዱን ከአንዱ በታች። ለምን ስለው፣ ልፈትነው አለኝ። ማሽኑን መስሎኝ ነበር።»

ማክሰኞ ከሻይ ስትመለስ ወንድሜን የእሷ ወንበር ላይ፣ ማሽኑን የምትዘውርበት መስኮት ፊት ተቀምጦ አግኝታዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ምን ትሠራለህ ስትለው «ዛሬ ራሴን በደንብ አየሁት» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። እሷ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤቷ ሄዳለች። የወጣችው በብረት ደረጃው ነው፤ የፊት ለፊቱ መግቢያ ወለል ቫርኒሽ እየተቀባ ስለነበር ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ እስከ ማግስቱም አልተከፈተም።

«ስትወጪ ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም?»

«ማንም።»

«ሰኞ ሰኞ ስታነሺው ሥዕሉን አታዪውም?»

«እኔ የማየው ተነቃንቋል አልተነቃነቀም ነው። ሥዕል ማንበብ የሐኪም ነው። የበሽተኞቹን ሐኪም ያነበዋል። የሰኞውን ራስ ግን ማንም አያነበውም፤ የማሽን መፈተሻ ነዋ።»

ቀጥሎ የገቡት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ገና ሳይቀመጡ ጥናቱ ይቋረጥ እንደሆነ ጠየቁ፣ ወዲያው ደግሞ በጠየቁት አፈሩ። ብዙ ማዕከሎች የሚካፈሉበት ትልቅ ጥናት ውስጥ ለመግባት አመልክተው ነበር። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ለኀምሳ ሁለት ሰኞ የሰኞው ራስ ቁጥር ከመቶ አንድ እጅ በላይ መዛነፍ የለበትም። አርባ አንዱ አልቆ ዐሥራ አንድ ቀርቷቸዋል።

«ሥዕሎቹን ከፍተው አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ዘንድ የሚመጣው ሠንጠረዥ ነው፤ እመቤቴ። ሥዕል መክፈቻው የት እንዳለም ሰው ጠይቄ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። ማክሰኞ ከዐሥር ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት ከሩብ ድረስ ከተማው ማዶ ባለው አዳራሽ ስድሳ ተማሪ ፊት ቆመው ሲያስተምሩ ነበር። መርማሪዋ ስም ዝርዝሩን ጠየቁ፤ ሰጧቸው።

ፕሮግራመሩ መጨረሻ ገባ። ከባድ ሰውነት ያለው፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የመላጫው ፕሮግራም የእሱ ሥራ ነው። ከወንድሜ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል።

«ምን ዐይነት ሰው ነበር?» አሉት።

«ዝምተኛ። እህት እንዳለው እንኳ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በኋላው ደረጃ ወጥቶ እንደሄደ፣ ወንድሜ ያኔ ገና ተቀምጦ እንደነበር ተናገረ። መርማሪዋ እንደማያውቅ ሰው ስለ ኮምፒውተሩ ይጠይቁት ጀመር፤ እሱም ዘና ብሎ ያስረዳቸው ገባ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ሥዕሎቹን ቤቱ ሆኖ ሊያጠፋ ይችላል ሰው?»

«በፍጹም። ያ ኮምፒውተር ከውጭ መግቢያ የለውም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። የሰው ራስ ነው የያዘው። የሚነካው እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።»

«የይለፍ ቃሉንስ?»

«እሱማ ኪቦርዱ ሥር በወረቀት ለጥፎት ነበር፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«ሰኞ ሠላሳ ሦስት ላይ ምን ሆኖ ነበር?»

ፕሮግራመሩ ይህን አልጠበቀም። መርማሪዋ ከየት እንዳገኙት አላወቀም። ከወንድሜ አጠገብ የወደቀውን ቦርሳ እሳቸው ከፍተውታል፤ ውስጡ ጠርዙ የተሸራረፈ የሂሳብ ደብተር ነበር። ወንድሜ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው። ከሰኞ አንድ ጀምሮ በየሳምንቱ ሳይቃና ሳይላጥ የመጣውን ሥዕል በትንሹ እያተመ ይለጥፍበታል፣ ከሥሩ አንድ መስመር ይጽፋል። ሠላሳ ሦስተኛው ሥር «ራሴ አልላጥ አለ። ለፕሮግራመሩ ተነገረ። በማግስቱ ተስተካከለ፤ ሥዕሉ በማግስቱ የተለጠፈ» ይላል። አርባ አንደኛው፣ የመጨረሻው፣ ሥር ያለው ይሄ ነው፤ «ሁለት ለጠፍን። አንድ ወጣ።»

«አንድ ሁለት ቁጥር ለወጥኩና ተስተካከለ» አለ ፕሮግራመሩ።

ዓርብ ጠዋት መርማሪዋ የልብስ ስፌት ቤቴ መጡ። ደብተሩን ይዘዋል። ቁጭ ካሉ በኋላ ስለ ወንድሜ ሳይሆን ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ሁለት እጅጌ በአንድ ቅድ መቆረጡን በምን አውቃለሁ? አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሬ ብርሃን ላይ እይዘዋለሁ አልኳቸው። የሰው እጅ ሁለት ጊዜ ሲቆርጥ በክር ያህልም ቢሆን ይለያያል፤ ፍጹም ልክ ከሆነ ተደርቦ አንድ ላይ የተቆረጠ ነው።

ሥዕሎቹን ፎቶ ኮፒ አስደርገው መጥተው ነበር። እያነባበርን መስኮቱ ላይ ያዝናቸው። ከአንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ያሉት አልገጠሙም፤ አንዱ ሰኞ ራሱ ወደ ግራ ጋደል ብሏል፣ ሌላው ሰኞ አገጩ ቀና ብሏል፣ እንክብሉም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ከሠላሳ ሁለት እስከ አርባ አንድ ያሉት ዐሥሩ ግን ብርሃኑ ላይ አንድ ሆኑ። አፍንጫው በአፍንጫው፣ ጆሮው በጆሮው፣ እንክብሉ በእንክብሉ ላይ።

«ዐሥር ሰኞ ንቅንቅ ሳይል አልተኛም» አልኩ።

«አልተኛም» አሉ። ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳያነሡ ቆዩ። ጥቁሩ መስመር የወንድሜ የፊቱ ጎን ነበር፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው አፍንጫ። «አሁን የምትነግሪኝ ነገር አለሽ» አሉኝ ከዚያ። «ስልኩ ላይ መጨረሻ የተደወለው ወዳንቺ ነው።»

ነገርኳቸው። ስፒሉንም ጭምር። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ከሚሠራበት ክፍል እንድገኝ ብቻ አዘዙኝ።

ሰኞ ስገባ ሦስቱም ነበሩ። ሁለት ጠረጴዛ ጀርባ ለጀርባ ቆሟል፤ የወንድሜ ወንበር ባዶ ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ፕሮፌሰሩ ተነሥተው ጨበጡኝ። ባለማሽኗ አቀፈችኝ። ፕሮግራመሩ ከመስኮቱ ዞር አላለም። መርማሪዋ በሩን ዘጉና ከፊታችን ቆሙ።

መጀመሪያ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት አነበቡ። ከቀኝ በኩል፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ በአንጎሉ ሽፋን ላይ እንደ ሎሚ ያህል እጢ በቅሎ ነበር። ክፉ ዘር ያለው አይደለም። እንዲህ ፈጥኖ ማደጉ ብርቅ ነው፤ በጊዜው ቢታይ ተከፍቶ ይወጣል፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ያን ቀን ደረጃው ላይ የጣለው እሱ ነው።

«እንግዲህ የገፋው የለም» አሉ መርማሪዋ። «ራሱን የጣለም የለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህ ሰው በየሳምንቱ የራሱን ራስ እያየ እንዴት አላየውም?»

ባለማሽኗን ጠሯት። ማሽኑ ያነሣውን ሁሉ ለአንድ ዓመት በሆዱ ያቆያል፤ ከእሷ በቀር ሊያጠፋው የሚችል የለም። የሰኞ ሠላሳ ሦስትን ሥዕል በትልቁ ስክሪን ላይ አወጣችው። ከቀኝ በኩል፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ፈዘዝ ያለ እብጠት አለ። ሠላሳ ስድስት፤ አድጓል። አርባ አንድ፤ ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ሳይነገረው የሚያየው ነገር። ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ ያበራል። ከጎኑ መርማሪዋ የደብተሩን አርባ አንደኛ ገጽ አደረጉ። ያ ንጹሕ ነው። ነጥቡም አንድ ነው።

«ደብተሩ ላይ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ነው። ማለት፣ ከማሽኑ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ መንገድ ላይ ተለውጧል። የሰኞ ሠላሳ ሁለት ሥዕል እየተገለበጠ ቀኑ ብቻ እየተለወጠ ዘጠኝ ጊዜ ተቀምጧል። ማን አደረገው?»

መርማሪዋ ሦስቱን በየተራ አዩዋቸው።

«ባለማሽኗ አይደለችም። እንክብሉን በገዛ እጇ የምትለጥፍ፣ ራሱን በገዛ እጇ ትራሱ ላይ የምታስተካክል ሴት፣ ራስ በየሳምንቱ እንደሚለያይ ታውቃለች፤ ብታጭበረብር ቢያንስ ዘመም ታደርገው ነበር። ደግሞም መደበቅ የፈለገ ሰው እውነተኛዎቹን ማሽኑ ውስጥ አይተዋቸውም። ይህን ስሕተት የሚሠራው፣ ራስ የሚያየው ከተቃናና ከተላጠ በኋላ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ከተቃና በኋላ ሁሉም ራስ አንድ ዐይነት ነው የሚተኛው። እንክብሉም ከልጣጩ ጋር ተገፎ ይወድቃል። እንክብል የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቷል።»

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኔም የተላጠውን እንኳ አላይም።»

«እርስዎ ስድሳ ምስክር አለዎት። የማክሰኞው ነገር ግን ከዚህ ይከፋል» አሉ መርማሪዋ። «የወንድምየው ስልክ ከሥሩ ተሰብሯል፤ ከመሥመር የወጣው ዐሥራ አንድ ከሃያ ስድስት ላይ ነው። ሥዕሎቹ የጠፉት ዐሥራ አንድ ከኀምሳ ስምንት ላይ፣ በእሱ ስም፣ ከዚህ ክፍል ነው። በሰው ስም እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ፣ ያ ሰው በማግስቱ መጥቶ ሥዕሌን ማን አጠፋው ብሎ እንደማይጠይቅ ያወቀ ነው። ያን ማታ ይህን ማን ያውቃል? ደረጃው ላይ ያየው ሰው። የፊቱ በር ተቆልፏል፤ ሌላ መውጫ የለም። ሊወጣ ወረደ፣ አየው፣ ተመልሶ ወጣ፣ አጠፋ፣ እንደገና አጠገቡን አልፎ ሄደ። ቦርሳውን ቢከፍት ደብተሩን ያገኝ ነበር።»

ፕሮግራመሩ ከመስኮቱ ዞረ። ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ገርጥቷል።

«ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁት፤ ስሕተቱን አጣሁት። ዓመቱ በእኔ ምክንያት ሊበላሽ ነው አልኩ።»

«ሥዕሉን ከፍተህ አየኸው?» አሉት።

«ቁጥሩን ነው ያየሁት።»

«ማክሰኞስ?»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የወጣው። ነገ አልመጣም፤ ከነገ ወዲያ ስለ ሰኞዎቹ እንነጋገር አለኝ። አልተቆጣም። ሳየው… ራሱን የወረወረ መሰለኝ። ያወቀብኝ መሰለኝ። የሞተ መሰለኝ።»

«ትንፋሹን አዳመጥክ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። መርማሪዋ የምርመራውን ወረቀት እንደገና ገለጡት። ሐኪሞቹ ከወደቀ በኋላ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ በሕይወት እንደቆየ ጽፈው ነበር፤ ይህን ያነበቡት ቀስ ብለው፣ ወደ እኔ ሳያዩ ነው።

ስድስት ዓመት ከወንድሜ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየኝ። የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ። እኔ የወንድሜን ወንበር ነበር የማየው። መደገፊያው በስተግራ በኩል ተልጧል፤ ዘመም ብሎ ይቀመጥ ነበርና።

በብረት ደረጃው ነው የወረድነው፤ መርማሪዋና እኔ። መቆሚያው ጋ ስንደርስ አረፍ አሉ፣ ጉልበታቸውን ብለው። ከቦርሳቸው አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጡ። ወንድሜ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ወደ አንድ ሆስፒታል ደውሎ ነበር። እሳቸው ያንኑ ቁጥር ደውለው የቀጠሮ መዝገቡን አስነብበው ጽፈውታል። ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፣ የራስ ሐኪም። ከሥሩ «አጃቢ» የሚል መስመር አለ። የመዝገቧ ጸሐፊ ማን አብሮህ ይመጣል ስትለው «እህቴ» ብሏል። የእኔንም ስልክ ቁጥር አስመዝግቧል።

«ሊሞት አልነበረም የደወለልሽ» አሉኝ። «ነገ አብረሽኝ ሂጂ ሊልሽ ነው።»

«ባነሣው ኖሮ…»

መርማሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብታነሺው ሲወድቅ ትሰሚው ነበር። ሰው ትልኪ ነበር። ይድን አይድን አላውቅም። ይህን ከአንቺ ላይ ላነሣልሽ አልችልም፤ የሌለ ነገር ብነግርሽ ደግሞ ታውቂብኛለሽ።»

ደረጃው ላይ እስክነሣ ድረስ አብረውኝ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ከእኔ ጋር ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የለም።

ቅጹ ተቀደደና ሌላ ተጻፈ። ፕሮግራመሩ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ባለመርዳትና ማስረጃ በማጥፋት አራት ዓመት ተፈረደበት። ፕሮፌሰሩ ማመልከቻቸውን ራሳቸው አነሡ፤ ደብዳቤውን ከመላካቸው በፊት እኔ ዘንድ መጥተው አስነበቡኝ። ሥዕሎቹን በፍርድ ቤት ጠይቄ ወሰድኩ። እንዴት እንደሚከፈቱ ተምሬያለሁ፤ አርባ አንዱንም ሰኞዎች አይቻቸዋለሁ፣ ሳይቃኑ ሳይላጡ።

አሁን ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ውስጥ የሚተኛው ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ኳስ ነው። ባለማሽኗ በስተቀኙ አንድ እንክብል ትለጥፍበታለች።